ከሕንድ ቦዮች እስከ መቅደላ አምባ፦ የጦር መሐንዲሱ የናፒየር አገልግሎትና ሜዳሊያዎች

የመቅደላ ጦርነት በትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው መልስ ባጣ አንድ ደብዳቤ ሲሆን የሚያበቃውም በአንድ የሽጉጥ ጥይት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመቻ፣ ማለትም ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወሎ ደጋ የደረሰው ጦር እንዴት እንደመጣ፣ መንገዱን ማን እንዳበጀለት፣ ውኃውንና ስንቁን ከየት እንዳገኘ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከዚህም የተነሣ ተማሪው የሚይዘው እንግሊዞች የተሻለ ጠመንጃ ስለነበራቸው አሸነፉ የሚለውን ብቻ ይሆናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። የሩቅ ሀገር ጠመንጃ አምባው ሥር እስኪደርስ ድረስ ብዙ ቆላና ደጋ መታለፍ ነበረበት። የዘመቻው አዛዥ የነበረው ሰር ሮበርት ናፒየርም ዕድሜውን በምሕንድስና ያሳለፈ መኰንን መሆኑ ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊታይ የሚገባው ነው።

በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ ወይም በተንታ ለሚያስተምር መምህር ጉዳዩ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሽሎ በሰሜን፣ ዓባይ በምዕራብ እንደ ግንብ ቆርጠው ባስቀሩት በዚህ ደጋ የተወለደ ልጅ፣ ወደ ቆላ ወርዶ ወደ ደጋ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በእግሩ ያውቀዋል። መቅደላም ዛሬ አምባ ማርያም በሚል ስም ከዚያው ከበሽሎ ሸለቆ በላይ ቆሞ ይታያል። መካነ ሰላም ራሷ ከአምባው ወደ ደቡብ ምዕራብ ራቅ ያለች ብትሆንም፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኝባት ከተማ ናት። ስለዚህ ስሙ በየበሩ ተጽፎ የሚነበበውን ዘመቻ ከመሬቱ ጋር አገናኝቶ ማስተማር ለአካባቢው መምህራን ከሌላው ይልቅ የቀለለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የናፒየር የአገልግሎት ዘመናት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ በሀገራችን የተፈጸሙት ድርጊቶች ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክተዋል።

ሮበርት ናፒየር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1810 በሴሎን ደሴት፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው ሀገር፣ በኮሎምቦ ከተማ ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መኰንኖቹን በሚያሠለጥንበት በአዲስኮምብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1826 በቤንጋል የምሕንድስና ጦር ውስጥ የመኰንንነት ማዕርግ ተሰጠው። ከዚያም በቻተም ተጨማሪ የምሕንድስና ሥልጠና ተቀብሎ በ1828 ሕንድ ገባ። በዚያ የመጀመሪያ ሥራው ጦርነት አልነበረም። በጁምና ወንዝ ምሥራቅ በነበረው የመስኖ ቦይ ሥራ ተመደበ፤ በ1838 ገደማም ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ በዳርጂሊንግ ለእንግሊዞች የሚሠራውን የደጋ ሰፈር እንዲቀይስና ከሜዳው ወደ ተራራው የሚያወጣውን መንገድ እንዲያበጅ ታዘዘ። ለዚህም ሥራ የተራራውን ነዋሪዎች መልምሎ የሠራተኛ ጦር አቋቋመ። ቀጥሎም በአምባላ የጦር ሰፈር ሠራ። ወጣቱ መኰንን ጎርፍ የት እንደሚወርድ፣ ጠመዝማዛ መንገድ በምን ያህል ቁልቁለት የተጫነ እንስሳ እንደሚያሳልፍ፣ አንድ ሺህ ሠራተኛ በቀን ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ የተማረው በእነዚህ ዓመታት ነው። የኋላ ኋላ በዙላና በሰንዓፈ የታየው ይኸው ዕውቀት ነበር።

ደረቱን የሸፈኑት ሜዳሊያዎች ግን የሚናገሩት ሌላውን ወገን ነው። በመጀመሪያው የሲኮች ጦርነት፣ በ1845 በሙድኪና በፌሮዝሻህ ተዋግቶ በፌሮዝሻህ ክፉኛ ቆሰለ፤ በተከታዩ ዓመት በሶብራኦን ተሰለፈ፤ ለዚህም የሰትለጅን ሜዳሊያ አገኘ። በ1848 በሙልታን ከበባ እንደገና ቆሰለ፤ በ1849 በጉጅራት ጦር ሜዳ ተገኘና የፑንጃብ ሜዳሊያ ተጨመረለት። በ1857 የሕንድ ወታደሮችና ሕዝብ በኩባንያው አገዛዝ ላይ በተነሡ ጊዜ በላክናው ከበባ ውስጥ ነበር፤ በዚያም ቆሰለ፤ በ1858 ከተማይቱ ተመልሳ ስትያዝ የምሕንድስናውን ሥራ የመራው እሱ ነው። በ1860 ደግሞ በቻይና ዘመቻ አንድ ክፍለ ጦር አዝዞ በታኩ ምሽጎች ተዋጋ፤ ቤጂንግ ከገቡትም አንዱ ሆነ። እነዚህን ዘመቻዎች አንድ ላይ ያየ ሰው ሁሉም የእንግሊዝ መንግሥት በሌላ ሕዝብ ምድር ያደረጋቸው መሆናቸውን ወዲያው ይገነዘባል። የሜዳሊያዎቹ ስሞችም የወንዞች፣ የክፍለ ሀገሮችና የሀገሮች ስሞች ናቸው፤ የአንድን መኰንን ደረት ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ የግዛቱን መስፋፋት በቅደም ተከተል እንደ ማንበብ ነው።

በሁለቱ የሲኮች ጦርነቶችና በ1857ቱ ዐመፅ መካከል ያለው ዘመን በሜዳሊያው ረድፍ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። እንግሊዞች ፑንጃብን በ1849 ወደ ግዛታቸው ከቀላቀሉ በኋላ ናፒየር የክፍለ ሀገሩ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ከላሆር ወደ ፔሻዋር የሚወስደውን ታላቅ ጎዳናና የላይኛውን ባሪ ዶአብ ቦይ ሥራ መራ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ከጦርነቱ ለይተው የሰላምና የልማት ሥራ አድርገው ያቀርቡታል። እንዲህ ያለው አከፋፈል አጥጋቢ አይመስልም። ጎዳናው ለነጋዴና ለገበሬ መጥቀሙ አይካድም፤ ነገር ግን ያ ጎዳና ከሁሉ አስቀድሞ ጦርን ወደ ድንበር የሚያደርስ ጎዳና ነበር። የቅኝ ገዥ መሐንዲስ አካፋውንና ሰይፉን የያዘው በአንድ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ናፒየር የቦምቤይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ ሳለ ነው የኢትዮጵያ ጉዳይ የመጣው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ገደማ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንስል ካሜሮንን፣ ቆይተውም መልእክተኛ ሆነው የመጡትን ራሳምን፣ ዶክተር ብላንክንና ሌተና ፕሪዶን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ዘመቻ ሲወስን አዛዥነቱን ለመሐንዲስ ሰጠ። ናፒየር 12,000 ያህል ወታደር ይበቃል፣ ነገር ግን ከወታደሩ በፊት ወደቡ፣ ውኃው፣ መንገዱና ማጓጓዣው መሰናዳት አለበት ሲል ወሰነ። በመጨረሻ የመጣው ጦር 13,000 ያህል ሲሆን አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ጦሩን ተከትለው የመጡት የጭነትና የአገልግሎት ሰዎች 26,000 ያህል፣ የጭነትና የስንቅ እንስሳት ደግሞ ከ40,000 በላይ ነበሩ፤ ከነዚህ መካከል መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ይገኙበታል። ለአንድ ተዋጊ ሁለት ሰውና ሦስት እንስሳ እንደ ማለት ነው። ይህ ስሌት ብቻውን ዘመቻው ምን ዓይነት እንደ ነበረ ያሳያል።

ቀዳሚው ቡድን በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዙላ ሲደርስ ያገኘው ደረቅ አሸዋ ነበር። መሐንዲሶቹ ወደ ባሕሩ ዘልቀው የሚገቡ የመርከብ ማራገፊያ ድልድዮች ሠሩ፤ በባሕር ላይ የቆሙ መርከቦች የጨው ውኃ እያፈሉ የሚጠጣ ውኃ አወጡ፤ ከዙላ እስከ ኩማይሌ ኮረብቶች ድረስ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ ከሕንድ የመጣ አሮጌ ብረት ስለነበረ ሥራው ብዙ አስቸግሯል። ወደ ምድር በመዶሻ እየተመታ የሚገባ የቱቦ ጉድጓድም በየሰፈሩ ተሞከረ፤ ይህ መሣሪያ ከዘመቻው በኋላ በእንግሊዝ ሀገር «የሐበሻ ጉድጓድ» ተብሎ መጠራቱ የሚያስገርም ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ከኩማይሌ በሱሩ ገደል በኩል ወደ ሰንዓፈ የሚወጣው መንገድ ነው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚደርሰውን ይህን መንገድ የቦምቤይ ምሕንድስና ጦርና የፑንጃብ መንገድ ጠራጊ ወታደሮች ድንጋይ በባሩድ እየሰነጠቁ ጋሪ እንዲያሳልፍ አድርገው አበጁት። የስልክ እንጨት ተተክሎ የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። የምሕንድስና ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎችም የመንገዱን ንድፎች በፎቶግራፍ እያባዙ ለመኰንኖቹ ያድሉ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝግጅቱ ያለ ጉድለት አልነበረም፤ በዙላ ውኃና ጠባቂ ያጡ እንስሳት በጥማትና በበሽታ በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ።

በዚህ ላይ መምህራን ሊያተኩሩበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። መሐንዲስ መንገድ ቢያበጅም መንገዱ በሚያልፍበት ሀገር እህል ካልተገኘ ጦር አያልፍም። ናፒየር ይህን በሚገባ ተረድቶ ነበርና ለእህሉ፣ ለሣሩና ለጭነቱ በማርያ ቴሬዛ ብር ከፈለ፤ የመጣው እስረኞቹን ሊያስፈታ እንጂ መሬት ሊይዝ አለመሆኑንም በአዋጅ አስነገረ። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በየካቲት 1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጋር ተገናኝተው መንገዱን አልከለከሉም፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አልተዋጉትም። የወሎ መሳፍንትም ቢሆኑ የቴዎድሮስን ክንድ የቀመሱ ነበሩ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ በሄዱ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው የወይዘሮ ወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ መኳንንትን ከአምባው ገደል አስጥለዋቸዋል። ስለዚህ ባዕዱ ጦር ሲመጣ የሚመክትለት ሰው በሰሜንም በደቡብም አልተገኘም። ይህን በባንዳነት ብቻ መተርጐም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የነበረውን የሀገር ውስጥ ቁስል ሳያዩ መፍረድ ይሆናል።

በሌላ በኩል በዚያው ወራት ሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ይዘውት የተነሡት ከባድ ጭነት በጋፋት በኤውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች እጅ የተሠሩ መድፎች፣ ከሁሉም በላይ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሚገመተው ሴባስቶፖል ነበር። ቀላል ጭነት ለያዘ መንገደኛ ከደብረ ታቦር መቅደላ የጥቂት ቀናት ጉዞ ነው። ለሴባስቶፖል ግን ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ፣ ከዋድላ ወደ ጅዳ ሸለቆ፣ ከጅዳ ወደ ደላንታ ሜዳ፣ ከደላንታ ወደ በሽሎ፣ ከበሽሎ ወደ መቅደላ ሲጓዙ በየገደሉ መንገድ መቈፈር፣ ዐለት መፍለጥ፣ ዛፍ መመንጠር አስፈላጊ ነበር። መድፉን በማሠሪያ የሚጐትቱት በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ሲሆኑ ቁልቁለት በሆነ ጊዜ ደግሞ እንዳይንከባለል ወደ ኋላ የሚይዙት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀድመው ወርደው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበረ በጊዜው የተገኙ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። የጅዳን ሸለቆ ያየ ሰው በዚያ ገደል ላይ በመዶሻ፣ በዶማና በትከሻ ብቻ የጋሪ መንገድ መውጣቱ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባዋል።

ይህ መንገድ የተሠራው ዙሪያውን ጠላት በከበበው፣ ስንቁንም ከገበሬው በኃይል በሚወስድ ጦር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዘመናቸው መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሠራዊት ያዝዙ የነበሩ ሲሆኑ በዚህ ጊዜ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ብቻ ነበሩ። መንገዱን የሠሩት ሰዎችም ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ ስማቸውም በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ሆኖም ሥራቸው የባዕዱን መሐንዲሶች አስደንቋል። የእንግሊዝ ጦር ከዋድላ ደጋ ሲደርስ የንጉሡን መንገድ አገኘው፤ ወደ ጅዳ ወርዶ ወደ ደላንታ የወጣው፣ ከዚያም ወደ በሽሎ የተቃረበው በዚሁ መንገድ ነው። ከዘመቻው ጋር የመጣው የመልክዐ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም የመንገዱን ሥራ አድንቆ ጽፎአል። ናፒየር ከዙላ ጀምሮ በገንዘብና በሺህ ሠራተኛ ያበጀው መስመር ወደ መቅደላ የደረሰው፣ የመጨረሻዎቹን ከባድ ሸለቆዎች ተቃዋሚው በሠራው መንገድ ተሻግሮ ነው። በሀገራችን የታሪክ መጻሕፍት ሴባስቶፖል ብዙ ቦታ ሲያገኝ መንገዱ እምብዛም አለመነሣቱ ሊታረም የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም መድፉ ካደረገው ይልቅ መንገዱ ያደረገው ይበልጣልና።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የናፒየር ጦር በሽሎን ተሻገረ። ስንቅና ጭነት የያዘው ጓዝ በወርቅ ውሃ ሸለቆ በኩል ያለ በቂ ጥበቃ ሲወጣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአምባው አይተው ጦራቸውን በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት አወረዱ። በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፣ 1,200 ያህል ቆሰሉ፤ ገብርዬም ከሞቱት አንዱ ነበሩ። በእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ከነዚያ የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በኋላ የሚጐርሰው አዲሱ የስናይደር ጠመንጃ በዚያ ዕለት ያደረገው ይህን ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ከፋሲካ ማግሥት ሰኞ ሚያዝያ 6፣ እስረኞቹ ሁሉ ከተለቀቁ በኋላ ናፒየር አምባው እንዲያዝ አዘዘ።

እዚህ ላይ ታሪክ እንደ መቀለድ ያለ ነገር አድርጓል። የምሕንድስና ጦሩ ከፊት ተሰልፎ ወደ አምባው በር ሲደርስ በሩን የሚያፈርሰው ባሩድም፣ ግንቡን የሚያስወጣው መሰላልም ወደ ኋላ ተረስቶ መቅረቱ ታወቀ። ለወራት ሁሉን በልክ ያሰናዳው የመሐንዲሱ ዘመቻ በመጨረሻው በር ላይ ዕቃ ጎደለው። የ33ኛው ክፍል ወታደሮች ግንቡን በእጅ ተንጠላጥለው ወጡት፤ ቀድመው የገቡት በርጊን የሚባለው ወታደርና ማግነር የሚባለው ከበሮ መቺ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆን በሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። በውስጥም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትና ከጎንደር የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ በሐራጅ ተሸጠ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው በእሳት ጋየ። መድፎቹን የሰባበሩትና ግንቡን ያፈረሱት መሐንዲሶች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ባሩዱ አልተረሳም።

ናፒየር ወደ ሀገሩ ሲመለስ የመቅደላ ባሮን ተባለ፤ በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገኝ ጡረታም ተቈረጠለት። ዘመቻው ግን የእንግሊዝን ግምጃ ቤት ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስከፍሏል፤ ምክር ቤቱ በመጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ነበር። በ1869 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘመቻው ሜዳሊያ ከሌሎቹ የተለየ ነው። በመካከሉ የንግሥቲቱ ትንሽ ምስል፣ በዙሪያው ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በጫፎቹም መካከል የሀገራችን የእንግሊዝኛ ስም ዘጠኝ ፊደላት አንድ በአንድ ተቀምጠዋል። የተሸላሚው ስም በጀርባው ላይ ከብሩ ጋር አብሮ በጕልህ እንዲወጣ ስለተደረገ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መሠራት ነበረበት፤ በዚህም የተነሣ ዋጋው በጣም ከፍ አለ። ለጦርና ለባሕር ኃይል 14,000 ያህል ተሰጥቷል። የናፒየር አገልግሎት ከዚህ በኋላም ቀጠለ፤ በ1870 የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ፣ በ1876 የጅብራልታር ገዥ፣ በ1883 ፊልድ ማርሻል ሆነ። በ1890 ሞቶ በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ለማቅረብ የሚያስፈልገው የቀለም ብዕርና አንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ካርታ ነው። ተማሪዎች ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በእንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ዋድላ የሚወርደውን መሥመር በአንድ ቀለም፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጨጨሆ በኩል የሚመጣውን በሌላ ቀለም ይሣሉ፤ ከዋድላ እስከ መቅደላ ግን ሁለቱ ቀለሞች በአንድ መሥመር ላይ ይገናኛሉ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ መሥመር ላይ ስንት ጊዜ ወደ ሸለቆ እንደሚወረድ ያስቈጥሯቸው፤ የበሽሎን ቁልቁለትና አቀበት የሚያውቁ ልጆች ለሌሎቹ ያስረዱ። ከዘመቻው በኋላ እንግሊዞች የዙላን ሐዲድ ነቅለው ወሰዱ። ሴባስቶፖል ግን የተጐተተበት አካባቢ፣ በመቅደላ፣ ዛሬም ተቀምጦ ይገኛል።